ባዶ ረድፍ አያልፍም

አዲስ አበባ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን
ማክሰኞ፣ መጋቢት ፲፮ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለተወደድሽው ልጄ ለሲፋን ዲንሳ
ታሊን

ልጄ ሆይ፣

አስቀድሜ፦ አባትሽ በሕይወት አለ። ዛሬ ጠዋት አጥሚቱን ጠጥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። ይህን በመጀመሪያው መስመር ላይ የጻፍኩት ከእኔ ረጅም ደብዳቤ ሲደርስሽ ልብሽ ወዴት እንደሚሮጥ ስለማውቅ ነው።

ቀጥሎ፦ ይህን ብቻሽን አታንብቢ። ባልሽ ከሥራ እስኪመለስ ጠብቂና አጠገብሽ ይቀመጥ። ሐኪሙን ጠይቄ ነው የምነግርሽ። "ልጄ እርጉዝ ናት፤ እውነቱን ብነግራት ትጎዳለች?" አልኩት። "ተቀምጣ፣ ሰው አጠገቧ ሆኖ ትስማ። ክፉው ድንገትና ብቸኝነት ነው" አለኝ። ስለዚህ ብቻሽን ከሆንሽ እዚህ ላይ አቁሚ።

አሁን፦ አባትሽ ደህና አይደለም። ከኅዳር ጀምሮ ደህና አልነበረም። እኛ ግን በየእሑዱ "ደህና ነው" ስንልሽ ከረምን።

በኅዳር ሚካኤል ማግስት ከጓሮ፣ ከችግኞቹ መካከል ወድቆ አገኘሁት። ስትሮክ ነው አሉ። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉት። ንግግሩም ሄደ። ባለፈው እሑድ አነጋግረሽዋልና "ንግግሩ ሄደ" ስልሽ ግራ ይገባሻል። ወደዚያ እመጣለሁ፤ ሳትዘልዪ አንብቢ።

መጀመሪያ "ከሆስፒታል ይውጣና እንነግራታለን" ተባለ። ወጣ። "ትንሽ ይሻለውና" ተባለ። በጥር አንቺ ማርገዝሽን ስትነግሪን አክስትሽ ሎሚ ቤተሰቡን ሁሉ ሰብስባ፣ "እስክትገላገል ድረስ አንድ ቃል ከዚህ ቤት እንዳይወጣ" አለች። ሎሚን አትቀየሚያት። ባለፈው ጊዜ ጽንሱ የወረደብሽ የአያትሽን መርዶ በሰማሽበት ሳምንት ነበር። ያን መርዶ በስልክ የነገርኩሽ እኔ ነኝ። ሐኪሞችሽ ምክንያቱ ያ አይደለም ብለዋል፤ ሎሚ ግን ሐኪሞችሽን አላየቻቸውም፤ ያየችው እኔን ነው። እኔም ዝም አልኩ።

እንዲህ እንደሆንን ሐሙስ ዕለት ኡበይድ መጣ። በስም ታውቂዋለሽ። ሲግናል አካባቢ ተቀምጦ ለመድኃኒት ቤቶች ፕሮግራም የሚሠራ፣ "ምስክር" በተባለው የእኛ የፕሮግራም መፈተኛ ሥራውን የሚፈትን፣ ችግር ሲያገኝም አስተካክሎ የሚጽፍልን ሰው ነው። ተማሪ ሳለሽ ጀምረሽው ለእኔ ትተሽልኝ የሄድሽው መፈተኛ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ሰው ይገለገልበታል። በፓይተን ቋንቋ ከተጻፈው ኮድ ሌላው ክፍል ብዙም አያስቸግረኝም፤ ጊዜዬን የሚወስዱት ማረጋገጫዎቹ ናቸው። "ይህ ከዚያ ጋር እኩል ነው"፣ "ይህ በዚያ ውስጥ አለ" የሚሉት ትንንሾቹ። ስማቸውን በፊደላችን ያወጣሽላቸው ጊዜ፣ "እማዬ፣ ፓይተን እኮ አማርኛ ይቀበላል" ብለሽ የሳቅሽው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ወትሮ የሚጽፍልን ኡበይድ በአካል መምጣቱ አሳሰበኝ።

"ማዘር፣ ይቅርታ፣ ሳልደውል መጣሁ" አለ በሩ ላይ ቆሞ።

"ማዘር አይደለሁም። የማርያምወርቅ ነኝ። ግባ።"

"እሺ፣ እትዬ የማርያምወርቅ።" አታውልቅ እያልኩትም ጫማውን አወለቀ።

እሱ ረመዳን ይጾማል፣ እኔ ዐቢይ ጾም ላይ ነኝ፤ ጠረጴዛው ላይ ከኮምፒውተሩ በቀር የሚቀርብ ነገር አልነበረም። ለሥራ እንዲያ ይመቻል።

የሱ ፕሮግራም በየጠዋቱ ጊዜያቸው ያለፈባቸውን መድኃኒቶች ለይቶ ከመደርደሪያ እንዲነሱ ይዘረዝራል። በቅርቡ ቀኑን የሚያነብበትን መንገድ ሲቀይር ተሳሳተና ፕሮግራሙ ምንም መድኃኒት የማይዘረዝር ሆነ። ፈተናው ግን አረንጓዴ፣ "አልፏል" የሚል ምልክት እንዳሳየ ቀረ። አንዲት የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ደውላ፣ "ሰሞኑን ጊዜው ያለፈበት የሚባል ነገር ጠፋ እንዴ? እናንተ ጋ መድኃኒት አያረጅም?" ብላ ባትቀልድበት ኖሮ አያውቅም ነበር።

"የሕፃናት የትኩሳት ሽሮፕ ነው" አለኝ። "ለማንም አልተሸጠም፣ አልሐምዱሊላህ። ግን መደርደሪያው ላይ ነበር፣ እትዬ። ልጅ ቢወስደውስ?"

የተጠቀመበት ማረጋገጫ "ሁሉም ይስማማሉ" የምትለዋ ናት። ከፈትናት። አሠራሯን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ባልሽ እንዲገባው ልጻፈው። የሚጠበቀውን ረድፍና የተገኘውን ረድፍ ጎን ለጎን ታቆማለች። ጥንድ ጥንዱን ታስተያያለች። ከሁለቱ አንዱ ሲያልቅ ትቆማለች። እስክትቆም ድረስ የሚጋጭ ካላየች "ተስማምተዋል" ትላለች። የተገኘው ረድፍ ባዶ ሲሆንስ? አንድም ጥንድ ሳታይ ትቆማለች። የሚጋጭ አላየችም። ታሳልፋለች።

ኡበይድ ግንባሩን ይዞ፣ "ምንም ሳትጠይቅ ልክ ነው ትላለች ማለት ነዋ!" አለ።

"ጠይቃለች" አልኩት። "መልስ ነው ያጣችው። ማጣቱን እንደ መስማማት ቆጠረችው።"

መፍትሔው ከባድ አይደለም። አስቀድሞ የሁለቱን ርዝመት ማስተያየት፤ ባዶ ረድፍ የሚጠብቅ ሰው ካለ ደግሞ ባዶ እንደሚጠብቅ በግልጽ ጽፎ እንዲያስታውቅ ማድረግ ነው። ክርክሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

"እሱስ ትክክል ነው" አለ ኡበይድ። "ግን ይህ ሲለቀቅ የስንቱ ሰው ፈተና ቀይ ይሆናል? ለዓመታት አረንጓዴ የነበረው ሁሉ! ይጮኹብናል። ለጊዜው ማስጠንቀቂያ ብቻ ይስጥና ሰዉ ቀስ ብሎ ይልመደው።"

"ሽሮፑስ መደርደሪያው ላይ ቀስ ብሎ ይቆይ?"

"አይ እርስዎ!" ብሎ ሳቀ። "ከእርስዎ ጋር ክርክር አይቻልም እኮ።"

"ይቻላል። መልስ ካለህ። ቀይ የሚሆነው እኛ ስለነካነው አይደለም፤ ቀይ ነበረ። እኛ መብራቱን ማብራታችን ነው።"

ይህን በአፌ ስናገር አባትሽ ከሳሎኑ መጋረጃ ወዲያ ተቀምጦ ነበር። ያኔ አላሰብኩትም።

መልእክቷንም አብረን አሻሻልናት። ቀድሞ ስትጥል "አልተስማሙም" ብላ ዝም ትል ነበር። ልጅ ሳለሁ የሒሳብ መምህርታችን "ስህተት" ብላ ብቻ ደብተር ትመልስልን ነበር፤ እጃችንንም በማስመሪያ ትመታ ነበር። እጄ ስላመመኝ አይደለም ያለቀስኩት፤ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ባለማወቄ ነው። ስለዚህ አሁን፣ ምን እንደተጠበቀ፣ ምን እንደተገኘ፣ ከየት ጀምሮ እንደተለያዩ በዚህ ቅደም ተከተል ትናገራለች። ወቀሳ የለባትም።

ኡበይድ ሊሄድ ሲነሳ፣ "እንግዲህ ሠርቷል፣ አረንጓዴ ነው" አለ። "ተቀመጥ" አልኩት። "ሲያልፍ አየህ እንጂ ሲጥል መች አየህ?"

አቶ ሀብቶምን ነገርኩት። ለአንቺም ብዙ ጊዜ አውርቼልሻለሁ፤ መረጃ ለኮምፒውተር በሚበሳ ካርድ ላይ በሚመዘገብበት ዘመን አለቃችን የነበረው ነው። አንዷ ሠራተኛ ከቅጹ እያየች ካርዱን ትበሳለች። ሌላዋ፣ ማለትም እኔ፣ ያንኑ ቅጽ እያየሁ እንደገና እመታለሁ፤ መኪናው ሁለቱን ያስተያያል። ልክ ከሆነ የካርዱን ቀኝ ጠርዝ ትንሽ ይከረክመዋል፤ ካልሆነ ስህተቱ ያለበት አምድ አናት ላይ ይነክሰዋል። አቶ ሀብቶም ታዲያ አንዳንድ ቀን እያወቀ የተሳሳተ ካርድ ከመካከል ይከት ነበር። መኪናው ሳይነክሰው ካለፈ፣ ወይ መኪናው ተበላሽቷል፣ ወይ አስተያይዋ ተኝታለች። "ጥሎ የማያውቅን ፈተና አትመኑ፤ እሱ ፈተና ሳይሆን ሰላምታ ነው" ይለን ነበር። በጣም እንጠላው ነበር። ትክክል ነበር።

ከኡበይድ ጋር እያወቅን የተሳሳተ ረድፍ ሰጠናት። ጣለችው። ባዶ ሰጠናት። ጣለችው፤ ምን ጠብቃ ምን እንዳጣችም ተናገረች። ያኔ "አሁን ሂድ" አልኩት።

በሳሎኑ ሲያልፍ አባትሽን አየው። ጎንበስ ብሎ፣ "አባባ፣ እንደምን ዋሉ?" አለው።

"ደህና! እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ ደህና ነህ? ልጆች ደህና?"

"ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ፣ አባባ።"

"እሰይ፣ እሰይ። ተመስገን ነው።"

ኡበይድ በር ላይ ጫማውን እያሰረ፣ "አባባ ታመዋል ብለውኝ ነበር እኮ። ደህና ሆነዋል!" አለኝ። ደስ ብሎት ሄደ። እኔ መዝጊያውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ሲፋን፣ የቀረው ይህ ብቻ ነው። ሰላምታው። ውሃ የሚለው ቃል የለውም። የኔ ስም የለውም። ያንቺም የለውም። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ያለ ሐሳብ የሚደጋግመው ቃል፣ ጸሎትም፣ ሰላምታም፣ ተለይቶ ይቀመጣል፤ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ እሱ ሊተርፍ ይችላል። የእኛ ሰላምታ ደግሞ ረጅም ነው። ሰው ከእሱ ሌላ ቃል ሳይጨምር እንግዳውን አጥግቦ መሸኘት ይችላል።

እሑድ ስትደውዪ ሎሚ ስልኩን ጆሮው ላይ ያዘችለት። እኔ ማዶ ተቀምጬ እንደ ድሮው የአስተያይነት ሥራዬ ሰማኋችሁ።

"አባዬ! አካም ጅርታ?"

"ነጋ፣ ነጋ!" አለሽ፣ ያው በኦሮምኛ "ሰላም ነው" ማለቱ ነው። "ደህና ነኝ። አንቺስ ደህና ነሽ? ልጆች ደህና?"

ሳቅሽ። "ልጆች? ገና አንዱ መች መጣ፣ አባዬ! ቸኮልክ እኮ።"

"እሰይ፣ እሰይ።"

"ችግኞቹስ እንዴት ናቸው?"

"ደህና ናቸው። ተመስገን ነው።"

ሎሚ ስልኩን ነጥቃ፣ "ደክሞታል እንግዲህ፣ ኔትወርኩም ያስቸግራል" አለችሽ። አንቺም ደስ ብሎሽ ዘጋሽ። ችግኞቹ ካለ እሱ እጅ ከገና በፊት ደርቀዋል። አባትሽ በጤናው ጊዜ "ችግኞቹስ?" ብትይው ስልኩን ከጆሮሽ እስክታርቂ የጥዱን፣ የወይራውን፣ በምስጥ የተበላውን ሳይቀር ይተርክልሽ ነበር። አሁን በሁለት ቃል መለሰልሽ። አንቺም አሳለፍሽው። አንቺን መውቀሴ አይደለም። የምትጠይቂው "ደህና ነህ?" ብለሽ ነው፤ የሚመለስልሽም "ደህና ነኝ" ነው። ይህ ጥያቄ መጣል አያውቅም። እንዳይጥል አድርገን የያዝነው ደግሞ እኛ ነን።

እኔ ራሴ ከአንቺ አልሻልም። ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ ጠዋት "እንዴት አደርክ?" እለዋለሁ፤ "ደህና" ይላል። ማታ "እንዴት ዋልክ?" እለዋለሁ፤ "ደህና" ይላል። ሌላ ነገር መናገር ትቼ ነበር። ሐኪሙ፣ "ምን ያህል እንደሚገባው በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም" ሲለኝ እኔ "አይገባውም" ብዬ ጻፍኩት። ያልተመለሰውን እንደ ተመለሰ ቆጠርኩት ማለት ነው፤ በተቃራኒው በኩል።

ትናንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ የአቶ ሀብቶምን ካርድ አስገባሁ።

በራችን ላይ ያለውን ኮሶ ታስታውሺዋለሽ። እንጦጦ ችግኝ ጣቢያ ይሠራ በነበረ ጊዜ ያመጣው፣ ሥሩ አጥራችንን የሰነጠቀው። ከእኔና ከእሱ ጠብ ግማሹ በዚያ ዛፍ ምክንያት ነው። እኔ "ይቆረጥ፣ ግንቡ ሊወድቅ ነው" እላለሁ፤ እሱ "ግንብ በሳምንት ይሠራል፣ ኮሶ በስንት ዓመት?" ይላል። ዛፉ ከተቀመጠበት አይታይም፤ የመስኮቱ መጋረጃ ይከልለዋል።

ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና እንደ ሰላምታ ባለ ድምፅ፣ ቀስ ብዬ፣ "ዲንሳ፣ ኮሶውን ዛሬ አስቆረጥኩት" አልኩት።

"ደህና" አለ። "እግዚአብሔር ይመስገን።"

አፉ ይህን አለ። ልክ እንደ ወትሮው፣ በዚያው ዜማ። እኔም ልነሳ ነበር። ግራ እጁ መጥታ እጅጌዬን ያዘችኝ። ለቀቅ አላደረገችኝም። "ደህና፣ ደህና፣ ተመስገን" ይላል አፉ፤ እጁ ግን ወደ በሩ በኩል ይጎትተኛል፤ ዓይኖቹ ሞልተው እንባው ጉንጩ ላይ ወረደ። ልጄ፣ በአንድ ሰው ፊት ላይ ሁለት መልስ አይቼ አላውቅም።

ሮጬ መጋረጃውን ገለጥኩ። ወንበሩን ገፍቼ ወደ መስኮቱ አዞርኩት። "ቆሟል! እየው፣ ቆሟል! ዋሸሁህ!" አልኩት። ኮሶውን አየው። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እጅጌዬን ለቀቀና ፊቱን ከእኔ አዞረ። ምሳ ሳቀርብለት አልተቀበለኝም። "ዲንሳ፣ ይቅር በለኝ" ብለው "ደህና" እንኳ አላለኝም።

ተቀየመኝ፣ ሲፋን። አባትሽ ተቀየመኝ! የሌለ ሰው አይቀየምም። ወራት ሙሉ እዚያ ወንበር ላይ ሆኖ ሁሉን ሲሰማ፣ እኛ በፊቱ "ምኑ ቀረለት" እየተባባልን ስናወራ ከረምን። ባዶ መስሎኝ የነበረው ረድፍ ሙሉ ኖሯል፤ ማንበቢያው ነው የጠፋብኝ።

ሎሚ ዛሬ ከመሪ ሰፈር ስትመጣ ነገርኳት። ልጽፍልሽ መሆኑንም ነገርኳት። ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ ተነሳችብኝ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ሰውን እንደ ኮምፒውተር ነው የምታዪው! ተኝቶ የሚሠቃይ ሰው ላይ ውሸት ነግረሽ ታስለቅሺዋለሽ?"

"ኮምፒውተር ቢሆን እስካሁን ጠግኜው ነበር።"

"ይኸውልሽ! እሺ እሱስ ይሁን። እሷን ልትገድዪያት ነው? ያኔስ የእናቴን መርዶ ስትነግሪያት አይደለም የወረደባት?"

"አላውቅም፣ ሎሚ።"

"ታውቂያለሽ!"

"ሐኪሞቿ አይደለም ብለዋል። እኔ ግን በእርግጠኝነት አላውቅም። አሁንም ብነግራት ምን እንደሚሆን አላውቅም። የማውቀው ብንደብቃት ምን እንደሚሆን ነው። እሷ ወልዳ አቅፋ፣ አንድ ማለዳ ሽማግሌዎች መርዶ ይዘው በሯን ያንኳኳሉ። እስከዚያ ድረስ በየእሑዱ 'ደህና ነኝ' ሲላት የሰማችው ድምፅ ምን እንደነበር ያን ዕለት ይገባታል። ከዚያ በኋላ የማንኛችንን 'ደህና' ታምናለች?"

ሎሚ ወንድሟ ዘንድ ሄዳ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፤ ግራ እጁን ያዘችና በእናታቸው ቋንቋ ዝግ ብላ ብዙ ነገር ነገረችው። እኔ ኦሮምኛዬ እንደምታውቂው የገበያ ነው፤ ያንቺን ስም ሰማሁ፣ የኮሶውንም ሰማሁ፤ ሌላውን አልተከተልኩም። አፉ "ነጋ፣ ነጋ" ይላታል። እጁን ግን አየሁት። ያንቺ ስም በተጠራ ቁጥር እጇን ይጨብጣል።

ተመልሳ መጥታ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። "ጻፊላት" አለችኝ። "አንቺው ጻፊ። እኔ አልችልም።"

እንግዲህ መፈተኛችን በሚናገርበት ቅደም ተከተል እነግርሻለሁ፤ ለአንቺ ከዚህ የተሻለ ቋንቋ የለኝም።

የጠበቅሽው፦ ችግኞቹን የሚያጠጣ፣ በስልክ የሚያስቅሽ፣ ለልጅሽ ስም የሚያወጣ አባት።

የተገኘው፦ ቀኝ ጎኑ የማይታዘዘው፣ ከሰላምታ በቀር ቃል የሌለው፣ ስምሽ ሲጠራ ግን እጅ የሚጨብጥ፣ በዛፉ ምክንያት ከእኔ ጋር የተኳረፈ አባት።

የተለያዩት፦ ከኅዳር ጀምሮ።

ነይ አልልሽም። አትምጪም አልልሽም። በአውሮፕላን መሄድ እስከ ስንተኛው ወር እንደሚፈቀድልሽ የሚነግርሽ ሐኪምሽ ነው፤ ባልሽን ይዘሽ ጠይቂው። እኔ የምነግርሽ የማውቀውን ብቻ ነው። አሁን ያውቅሻል። ከወለድሽ በኋላም ያውቅሻል ወይ ብዬ የእኛን ሐኪም ጠየቅኩት፤ "ዋስትና ልሰጥዎት አልችልም" አለኝ። ሁለተኛ ስትሮክ ከመጣ አደገኛ ነው ብሎኛል። ይህንንም አልደብቅሽም።

ለመጪው እሑድ ግን አዝሻለሁ። "ደህና ነህ ወይ?" አትበዪው። የምትነግሪውን ንገሪው። መስኮትሽ ላይ ምን ዛፍ እንደሚታይ፣ በረዶው ሲቀልጥ ቅርንጫፉ እንዴት እንደሚሆን፣ ስሙን ከጎረቤት ጠይቀሽ ንገሪው። ልጅሽ ሲራገጥ ከተሰማሽ እሱንም ንገሪው። እኔ ግራ እጁን ይዤ እቀመጣለሁ። ሲጨብጥ "ጨበጠኝ" እልሻለሁ፤ ካልጨበጠም "አልጨበጠኝም" እልሻለሁ። ከአሁን በኋላ ከዚህ ቤት የምትሰሚው ያየሁትን ነው። አፉ "ደህና ነኝ" ካለሽ በፍቅር ተቀበዪው፤ ለአንቺ የሚሰጥሽ ከሱ ሌላ ቃል ስለሌለው ነው እንጂ አላታለለሽም።

የሥራው ነገር። ያስተካከልናትን ማረጋገጫ ልኬልሻለሁ። አዲሱን እትም ለተጠቃሚዎች መልቀቅ በአንቺ እጅ ብቻ ነውና ኡበይድ አንቺን እየጠበቀ ነው፤ ሌሎቹም ሳያውቁት እየጠበቁሽ ነው። ሲበርድልሽ ተቀመጪና መርምሪያት። በአባትሽ ምክንያት አዝነሽልኝ ሥራዬን ሳትመረምሪ እንዳታሳልፊው። አንድ ቦታ ላይ እርግጠኛ አይደለሁም፦ ሁለቱም ረድፎች ባዶ ሲሆኑና ጸሐፊው ባዶ እንደሚጠብቅ ሳይገልጽ ሲቀር፣ እኔ እንድትጥል አድርጌያለሁ። ኡበይድ "ይህማ በዛ" ይላል። ፍርዱን ላንቺ ትቼዋለሁ። የተሳሳተ ካርድም ከመካከል ከትቼበታለሁ፤ ካላገኘሽው መልሼ ነው የምልክልሽ።

አባትሽ አሁን ዓይኑን ከኮሶው ላይ አንስቶ እኔን እያየ ነው። ታርቆኝ ይሁን አይሁን ገና አላወቅኩም። ልጠይቀው ነው።

ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ሸክምሽን በእርጋታ የምታወርጂበት ቀን ይስጥሽ። ልጅሽ ጠይቆ እውነተኛ መልስ በሚያገኝበት ቤት ይደግ። ባልሽን፣ ይህን ሁሉ አጠገብሽ ተቀምጦ ስለሰማ፣ እናትህ አመሰገነችህ በዪው።

እናትሽ
የማርያምወርቅ

ከፊርማ በኋላ የተጻፈ። ባለፈው መልእክትሽ መጨረሻ ላይ፣ "አንቺስ እማዬ፣ ደህና ነሽ?" ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች ሳነብበው ለዚህ ጥያቄ መልስ አላገኘሁበትም። ልጽፍ ብዕሬን አነሳሁና የመጣልኝ ያው የተለመደው ቃል ሆነ። ስለዚህ ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ፤ አንቺም አታሳልፊው።